የሙያ ምክር፦ ከፕሮግራሚንጉ በፊት ማቆሙን ተማሪ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኤሌክትሪካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ቡሬ ናቸው። በፋብሪካ ሮቦቶች ዙሪያ የሠራተኛ ደህንነት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ለክረምቱ የሮቦት ፕሮግራሚንግ ኮርስ ልመዝገብ ወይስ ቡሬ ኢንተርንሺፕ ልውጣ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኢንተርንሺፑን ያዢ። ፋብሪካው አንድም ሮቦት ባይኖረው ግድ የለም። ሮቦት ሰውን የሚጎዳው በአብዛኛው ምርት በደህና ሲሄድ ሳይሆን፣ ማሽኑ ተሰናክሎ ወይም ሊጠገን ሰው ሮቦቱ የታጠረበትን አጥር አልፎ ሲገባ ነው። ይህንን ኮንቬየርና (ዕቃ የሚያጓጉዝ ቀበቶ) የዘይት መጭመቂያም ያስተምሩሻል።

ኢመርጀንሲ ስቶፕ (የድንገተኛ ማቆሚያ ቁልፍ) መጫን ለጥገና አይበቃም። ብሬከሩ (የኤሌክትሪክ ማቋረጫው) ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ጠጋኝ የራሱን ጓጉንቸር ያስገባበትና መክፈቻውን ኪሱ ይይዛል። የታመቀው አየር ይለቀቃል፣ የሮቦቱ ክንድ በገዛ ክብደቱ እንዳይወርድ ይደገፋል፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በመልቲሜትር ይለካል፣ ከዚያም ማስነሻው ተጭኖ ይሞከራል። የሚረሳው አየሩ ነው፤ መብራት ጠፍቶም ሮቦቱ ዕቃ የሚይዝበት መቆንጠጫ የሰው ጣት ሊጨፈልቅ ይችላል።

መከላከያው ከሮቦቱ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚሰላበትን ሒሳብ ከአሁኑ ልመጂ። በዓለም አቀፉ የማሽን ደህንነት ደረጃ አይኤስኦ 13855 መሠረት የሰው አካል ወደ አደጋው የሚጠጋበት ፍጥነት በሰከንድ 1600 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይወሰድ። ላይት ከርተኑ (ሰው ሲያልፍበት ማሽኑን የሚያስቆም የብርሃን መጋረጃ) ከተቋረጠ በኋላ ክንዱ እስኪቆም በጠቅላላው 0.4 ሰከንድ ከፈጀ፣ 1600 × 0.4 = 640 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከርተኑ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ነገር የሚለይ ከሆነ፣ በደረጃው ቀመር 8 × (30 − 14) = 128 ይደመራል፤ ከርተኑ ከአደጋው ቦታ ቢያንስ 768 ሚሊ ሜትር ይርቃል ማለት ነው። 0.4ን ግን ከካታሎግ አትገልብጪ። ክንዱ ተዘርግቶ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ በከፍተኛ ፍጥነቱ ሲሄድ ይለካ። ፍሬን ሲያረጅ መቆሚያው ይረዝማል፤ 0.1 ሰከንድ ብቻ ቢጨምር ርቀቱ 160 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ስለዚህ ልኬቱ በየጊዜው ይደገማል።

ኮርሱ ይቆይልሽ። ስትደርሺበት ቲች ፔንዳንቱ (ሮቦቱን በእጅ መንጃና ማስተማሪያ ሰሌዳ) ላይ ያለውን ባለ ሦስት ደረጃ መጫኛ በደንብ እዪው፦ ክንዱ የሚንቀሳቀሰው መሃል ላይ ሲያዝ ብቻ ነው። ሲለቀቅም አጥብቆ ሲጨበጥም ይቆማል፤ የደነገጠ ሰው ወይ ይለቃል ወይ ይጨብጣልና። በእጅ በዝግታ ሲነዳ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ250 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ሕጉን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን አንብቢ፤ የአሠሪው ግዴታ እዚያ አለ።

ቡሬ ስትገቢ የጥገና ኃላፊውን በብዛት የሚሰናከለው ማሽን የትኛው እንደሆነ ጠይቂና የዚያን ማሽን የማቆሚያ ቅደም ተከተል አንድ ገጽ ላይ ጻፊ፤ የትኛው ብሬከር፣ የትኛው የአየር ቫልቭ፣ ምን ይደገፋል። ጠጋኞቹ ሲሠሩበት ቆመሽ አርሚው፤ ሥራ ስታመለክቺ ከሲቪሽ ጋር አያይዢው።