ምድር ከተንቀጠቀጠ ወዲህ የጉድጓዱ ውሃ ለብ አለ፤ ሽንኩርቴን ላጠጣው?

ጥያቄ፦ ከሐርቡ ዝቅ ብሎ ነው የምኖረው። ምድር ከተንቀጠቀጠ ወዲህ የጉድጓዴ ውሃ ሦስት ቀን ደፈረሰ። አሁን ጠርቷል፤ ግን ለብ ብሏል። ሴቶቹ ሳሙናው ቶሎ አረፋ ያወጣል ብለው ደስ ብሏቸዋል። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ግን እየደረቀ ነው፤ ጥጃዎቹም ውሃውን አሽትተው ይመለሳሉ። ልጄ ወርጄ ልጥረገው ይላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉ በፊት ልጁን ያስቁሙልኝ። በእሳተ ገሞራ አገር መሬት ሲናወጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ከታች ሊወጣ ይችላል። ከአየር ይከብዳል፤ ቀለምም ሽታም የለው፤ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። አንዱ ወርዶ ሲወድቅ ሌላው ላውጣው ብሎ ገብቶ አብሮ ይቀራል። የተናጋው ግድግዳም ሊናድ ይችላል። ኩራዝ አውርደን እንየው የሚሉ አሉ፤ ኩራዙ ከጠፋ አደጋው ግልጽ ነው፤ አልጠፋም ማለት ግን ውረድ ማለት አይደለም።

ወደ ውሃው ልመለስ። መደፍረሱ ብዙም አያሳስበኝም፤ ከግድግዳውና ከድንጋዩ ስንጥቅ የተራገፈ ጭቃ ነው፣ ይዘቅጣል። የሚያሳስበኝ የጠራው ነው። እርስዎ ያሉበት የአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥም የተነሳው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። የጉድጓድዎ ውሃ የክረምት ዝናብ ሰርጎ የተጠራቀመ ነው። ከሥሩ ደግሞ በጋለ ድንጋይ መካከል ሲዘዋወር ኖሮ ማዕድን ያሟሟ ሌላ ውሃ አለ፤ የሐርቡን ፍል ውሃ ያውቁት የለ? ምድር ስትናወጥ አንዱ ስንጥቅ ይከፈታል፣ ሌላው ይደፈናል፣ ግፊቱ ይለወጣል፤ ሁለቱ ውሃ ይቀላቀላል። ለብ ማለቱ ይህን ያስጠረጥራል።

ሴቶቹን ያስደሰተው አረፋ እኔን አላስደሰተኝም። ሳሙና ቶሎ የሚያረፋው ካልሲየም ያነሰው ውሃ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ እንዲህ ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም ይበዛዋል። ካልሲየም ከድንጋይ የሚሟሟውን ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ያዘቅጠዋል፤ እሱ ሲያንስ ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ እንደተሟሟ ይቀራል። ጣዕም የለውም፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲቆይም አጥንት ይጎዳል። ለሰው ከ1.5፣ ለከብት ከ2 ሚሊግራም በሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። ማፍላት አያወጣውም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ እንዲያውም ይጠነክራል። እስኪመረመር ድረስ የሚጠጣውን ከሌላ ቦታ ያስቀዱ።

ሽንኩርት ጨው አይችልም። የውሃው ጨዋማነት በመለኪያ ከ0.8 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ማሽላ እስከ 4.5 ገደማ ይታገሳል። ግን የጫፉን መድረቅ ሁሉ በውሃው አናሳብ። ቅጠሉን ገለጥ አድርገው እምብርቱ ላይ ይዩ፤ ቀጫጭን ቢጫ ነፍሳት ካሉና ቅጠሉ ብርማ ነጠብጣብ ካለው ትሪፕስ ነው፣ መንቀጥቀጡ አያገባውም። ከወንዝ የሚያጠጣ ጎረቤት ካለዎት የእሱንም ማሳ ያስተያዩ። ሶዲየም ከሆነ ምልክቱ መሬቱ ላይ ነው፦ ካጠጡ በኋላ ውሃው አልሰርግ ብሎ ይቋጥራል፣ አፈሩ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል። ያኔ ብዙ ውሃ መልቀቅ ብቻውን ፋይዳ የለውም፤ ፍግና ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት ማዕድን) ይፈልጋል፤ የጂፕሰሙን መጠን የአፈር ምርመራው ይወስነዋል።

ከብት ሆራ ይወዳል ብለው ጥጃዎቹን አያስገድዷቸው። ሆራ አልፎ አልፎ ነው፤ ይህ የዕለት መጠጥ ነው። የለመዱትን ውሃ ይስጧቸው።

ለምርመራ ንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው፣ አየር ሳይተዉ ሞልተው፣ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በኩል ይላኩ። ሁለተኛ ጠርሙስ ሞልተው ቀኑን ጽፈው ቤት ያስቀምጡ። በጃፓን ከጥር 1987 ዓ.ም. የኮቤ መንቀጥቀጥ በኋላ ባለሙያዎች ከዚያ አካባቢ ምንጭ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ሰብስበው መረመሩ፤ ጠርሙሱ ላይ ቀን ስለነበረ ክሎራይዱ (በገበታ ጨው ውስጥም የሚገኘው ንጥረ ነገር) ከመንቀጥቀጡ ወራት በፊት ጀምሮ እየጨመረ መምጣቱን ለዩ። እርስዎም በየወሩ አንድ ጠርሙስ ያኑሩ፤ ሙቀቱንም አብረው ይጻፉ።