ጥያቄና መልስ፦ የጋዝ ጉድጓዶችን ምርት በካርታ ማስፈር

የጉድጓድ መረጃን በካርታ የማስፈር ሥራን ለሚያውቁ የድሬዳዋ ነዋሪ ከከተማውና ከሐረር የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ የየጉድጓዱን ጠቅላላ ምርት በክብ መጠን ባሳይ፣ ትላልቆቹ ክቦች የበዙበት ቦታ ምርታማው ነው ማለት አይቻልም?

መልስ፦ ገና አይቻልም። ጠቅላላ ምርት ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው የጉድጓዱን ዕድሜ ነው፤ አሥር ዓመት የሠራ ደካማ ጉድጓድ አምና ከተከፈተ ብርቱ ጉድጓድ በልጦ ይታያል። ስለዚህ የሁሉንም የመጀመሪያ 12 ወራት ምርት ወስደው፣ ጋዝ በእርግጥ ላመረቱባቸው ቀናት ያካፍሉት፤ አለዚያ የማስተላለፊያ ቧንቧ ሳይደርስለት ተዘግቶ የከረመ ጥሩ ጉድጓድ እንደ ደካማ ይቆጠርብዎታል። ጉድጓዱ በአግድም የተቆፈረ ከሆነ ለአግድም ርዝመቱም ማካፈል ይገባል፤ 3,000 ሜትር የሄደው 1,500 ሜትር ከሄደው ቢበልጥ ምስጋናው የቆፋሪው እንጂ የአለቱ ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ የመጀመሪያው ወር ምርት አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የሼል ጋዝ (ሼል በሚባል ደቃቅ የጭቃ አለት ውስጥ የታመቀ ጋዝ) ጉድጓድ ምርት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ወር ቁጥርም ቫልቩ ምን ያህል እንደተከፈተ ይከተላል። የአወዳይ ነጋዴ እንኳ የጫት ማሳን በአንድ ቀን ለቀማ አይገምትም።

ጥያቄ (ከሐረር፣ የጂኦሎጂ ተማሪ)፦ አግድም ጉድጓድን የት ላይ ላስፍረው?

መልስ፦ ልጄ፣ አፉ ላይ አታስፍረው፤ ጋዙ የሚገባው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሆን ስለሚችል የአግድሙን ክፍል መካከል ውሰድ። በአገራችን የቆዩ ካርታዎች አዲንዳን የተባለውን የቦታ መለኪያ መነሻ፣ ጂፒኤስ ግን ደብልዩጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ስለሚጠቀሙ፣ ሳይቀየሩ ቢደራረቡ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። እኔን ብዙ ጊዜ ያደከመኝ ከቀመሩ ይልቅ ይህ ነው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ዘዴው ለኦጋዴን ያገለግላል?

መልስ፦ እንዳለ አያገለግልም። በአሜሪካዋ ፔንሲልቬንያ ማርሴለስ በተባለው የሼል አለት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ስላሉ፣ በሰሜን ምሥራቅና በደቡብ ምዕራብ ያሉት ሁለት ምርታማ አካባቢዎች ከምርት መረጃው ራሱ ጎልተው ይወጣሉ። በኦጋዴን ግን፣ የአሜሪካው የነዳጅ ኩባንያ ቴኔኮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካገኛቸው ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ ቦታዎች ውጭ ጉድጓዶቹ ጥቂትና የተራራቁ ናቸው። ኮምፒውተሩ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በቀለም ቢሞላውም ቀለሙ ግምት ብቻ ስለሆነ፣ ከጉድጓድ የራቀውን ቦታ ነጭ አድርጎ መተው ይሻላል፤ ነጭነቱም ያልተቆፈረ ማለት እንጂ ጋዝ የለውም ማለት እንዳልሆነ በካርታው ላይ ይጻፍ። በዚያ አካባቢ የሚቀድመው የአለቱ ካርታ፣ ማለትም ውፍረቱ፣ ጥልቀቱና ቀዳዳነቱ (ጋዝ የሚይዙት ጥቃቅን ክፍተቶቹ ብዛት) ነው። ከካሉብ ጋዝ አዘል አለቶች አንዱ የሆነው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በድሬዳዋ ዙሪያ ገደሎች ላይ ገጥጦ ስለሚታይ፣ ጠያቂዬ ቀዳዳነቱን በእጃቸው ዳስሰው ቢጀምሩ መልካም ነው።