«የአባቴ ሶዲየም 122 ሆነ፣ ጨው እንስጣቸው ወይ?» ላልሽው

አብሽሪ እህቴ። አባትሽ በጊላን ባሬ (ነርቭን አጥቅቶ ጡንቻን የሚያደክም በሽታ) ታመው ደሴ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ በደማቸው ያለው ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) ወርዷል፣ ዘመድ «ጨው በጥብጣችሁ አጠጧቸው» ብሏል አልሽ። ተዉት። መዋጥ ከከበዳቸው ትን ሊላቸው ይችላል፤ ደግሞም በዚህ በሽታ ሶዲየም የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ጨው አንሶ ሳይሆን፣ ውሃ የሚያስቀረው ሆርሞን ከልክ በላይ እየተለቀቀ ደሙ ስለሚቀጥን ነው።

1. ቁጥሩ እውነት መሆኑን አጣሩ። ደሙ የተቀዳው ግሉኮስ ከሚገባበት ክንድ ከሆነ ከሌላው ክንድ ይደገም። ለበሽታው በደም ሥር የሚሰጠውን ኢሚውኖግሎቡሊን (የፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲን) ከጀመሩ ደግሞ የደም ፕሮቲን ስለሚጨምር ብዙ ማሽን ሶዲየሙን አሳንሶ ያነባል፤ የደም ጋዝ መለኪያው ግን በዚህ አይሳሳትም። ኮምቦልቻ ሳሉ የተሠራ ውጤት ካለ አምጪው፣ ከመድኃኒቱ በፊት የነበረውን ያሳያል።

2. የሽንት ሶዲየምና ኦስሞላሊቲ (ሽንቱ ምን ያህል እንደወፈረ የሚያሳይ ልኬት) ይታዘዝ። ኦስሞላሊቲው ከ100፣ ሶዲየሙ ከ30 በላይ ሆኖ ሰውነታቸው ካልደረቀ፣ ያ ውሃ የሚያስቀረው ሆርሞን ነገር ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ላይ ነው የሚያናድደው! «ሶዲየም ወርዷል» ሲባል ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ከፍቶ መሄድ ልማድ ሆኗል። ኩላሊት ጨውን በሽንት አስወጥቶ ውሃውን ሲያስቀር ቁጥሩ ይብስ ይወርዳል። 5% ግሉኮስማ ስኳሩ ሲቃጠል የሚቀረው ውሃ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደርቀው ግፊታቸው ከወረደ ሳላይን የግድ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሳይመረምር ማንም አይወስን።

ፈሳሽ ይቀነስ ከተባለ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ800 እስከ 1000 ሚሊ ሊትር ነው። ሻዩም፣ አጥሚቱም፣ ጠያቂ የሚያመጣው ጁስም ይቆጠራል። ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ አልጋው ሥር አስቀምጪ፤ አንድ ስኒ በጠጡ ቁጥር ያንኑ ያህል ውሃ ጨምሪበት፣ ሐኪሙ ያለው ልክ ላይ ሲደርስ የቀኑ አበቃ።

ቶሎ ይስተካከል ብላችሁም አትወትውቱ። የሶዲየሙ ቁጥር በ24 ሰዓት ከ8 በላይ እንዳይጨምር ነው የሚፈለገው፤ ከፈጠነ አንጎልን ይጎዳል። ጨው የበዛበት 3% ሳላይን ለሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን ለሳተ ነው፣ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ ሶዲየሙ ቶሎ ቶሎ እየተለካ።

የመድኃኒት ካርዱንም እዪው። ለነርቭ ሕመሙ ካርባማዜፒን ተጽፎ ከሆነ እሱ ራሱ ሶዲየም ያወርዳል፤ በጋባፔንቲን ይቀየር እንደሆነ ጠይቂ።

ጊላን ባሬ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አእምሮን አያደናግርም። መዘባረቅ ከጀመሩ ሶዲየምና ኦክስጅን ወዲያው ይታይ። በአንድ ትንፋሽ እስከ 20 መቁጠር ካቃታቸው ግን ሶዲየሙን ተይውና ሐኪም ጥሪ፤ ያ የመተንፈሻ ጡንቻ ነው።