ቫይታሚን ለጠየቀችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

«የብልት ፈሳሽና ማሳከክ የሚያጠፋው ቫይታሚን የትኛው ነው?» ብላ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጠየቀችኝ። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ አይወጣም ነበር፤ በድፍረቷ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በደርግ ዘመን ጎጃም ውስጥ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ አንዲት ልጅ በቃሬዛ መጣች። አጥንቷ ገጧል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ በኃይል ትተነፍሳለች። ትንፋሿ ከልክ በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። እናቷን ሳዋራቸው፣ ለወራት ብልቷን ሲያሳክካት፣ እንደ አይብ ያለ ነጭ ፈሳሽ ሲወርዳት ኖሯል። ከተማ ወስደዋት «አቅም አንሷት ነው» ተብላ ቢ ኮምፕሌክስ ተወግታለች። የቫይታሚን ብልቃጡ ከነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። ልጅቱ አፍራ በሎሚና በሳሙና ስትታጠብ ነው የከረመችው።

ሽንቷን ተቀብዬ ጥቂት ጠብታ ሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን ከሚያሳየው ከሰማያዊው የቤኔዲክት ውሕድ ጋር ቀላቀልኩና በአልኮል ኩራዝ ላይ አሞቅሁት። አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ወዲያው እንደ ሸክላ ቀላ። ስኳር ነው። መድኃኒቱ ኢንሱሊን አልነበረንም። መኪና እስኪገኝ መሸ፤ ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ያ ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከወራት በፊት አንድ ሰው ቢሠራላት ኖሮ! ቁጭቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ያ ማሳከክና እንደ አይብ ያለው ፈሳሽ የፈንገስ ምልክት ነው፤ ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ፈንገስ ይመቸዋል። የሚመላለስ ፈንገስ ያለባት ሴት ስኳሯን መለካት አለባት፤ ይህን ቫይታሚን አይተካውም።

ምግብ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ብልትን የሚጠብቁት ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ጥሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የአሲድ መጠኑን ፒኤች በሚባለው መለኪያ ብዙ ጊዜ ከ3.8 እስከ 4.5 ያቆዩታል። በሎሚም በሳሙናም ውስጡን ስትታጠቡ የምታባርሩት እነሱን ነው። የቫይታሚን ዲ እጥረት ካለባቸው ሴቶች አንዳንዶቹ ላይ የባክቴሪያ መዛባት በብዛት ታይቷል፤ እንክብሉን መስጠት ግን መዛባቱ እንዳይመለስ አላደረገም። ብረትና ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ለደማችሁ የግድ ናቸው። ጎመንና ምስር ብሉ፣ ሎሚውን እዚያ ላይ ጭመቁት፤ ብረቱን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ሻይና ቡናውን ከምግብ አርቁት። እናቴ ምሳ እንደበላን ቡና ታፈላ ነበር፤ እኔም አሁን ድረስ አልተውኩትም፣ ሽታውን ማን ይችለዋል! ለመውለድ ያሰባችሁ ደግሞ ከማርገዛችሁ በፊት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጀምሩ፤ የጽንሱ አከርካሪ የሚዘጋው ብዙዎቻችሁ ማርገዛችሁን ሳታውቁ ነው።

የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ያለ ማንም የሚሸጠውን እንክብል ታምናላችሁ፣ ሐኪም ፊት ግን ታፍራላችሁ። ይህ ያናድደኛል።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ፈሳሹ ነጣ ያለ፣ መጥፎ ሽታና ማሳከክ የሌለው ከሆነ ጤና ነው፣ ተይው። የዓሣ ሽታ ካለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ከፈንገሱ የተለየ ስለሆነ ከጓደኛሽ ተውሰሽ እንዳትጠቀሚ። አንቺ ግን ያሳክከኛል ብለሻል። ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ማሳከኩ የሚመላለስ ከሆነ «ስኳሬንም ለኩልኝ» በያቸው።