«ወሎ» ብዬ ስጽፍ «ውሎ» የሚለው ላፕቶፕ

ከኮምቦልቻ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ አብሽር። የጻፍኸውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዲስ አበባ የገዛኸው ላፕቶፕ አምስት ወሩ ነው፤ ሦስት ቁልፎች አንዳንዴ ይጽፋሉ፣ አንዳንዴ እምቢ ይላሉ፤ የታችፓዱ ቀስት ደግሞ ሳትነካው ይዘላል። ሻጩ በስልክ «ውሃ አስነክተኸው ይሆናል» አለህ። ጓደኞችህ ደግሞ «ለዚህ ብለህ አዲስ አበባ ድረስ ከምትንከራተት እዚሁ አስከፍተህ አሠራው» ይሉሃል። ዋስትናው ሰባት ወር ይቀረዋል፤ ምን ይሻለኛል ነው ጥያቄህ።

አታስከፍተው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤት አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አቤቱታ፣ ማመልከቻ፣ ውል ስጽፍ እውላለሁ። አንድ ጠዋት ከወረኢሉ የመጡ አባት የመሬት አቤቱታ አስጽፈውኝ አትሜ ሳነበው አናቱ ላይ «ድቡብ ውሎ ዞን» ይላል። ዝቅ ብሎ «አምልካች»፣ «ግንዝብ»። ችኮላ መስሎኝ አርሜ ደገምኩት፤ መልሶ ያው። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አማርኛውን እንደ ድምፁ በእንግሊዝኛ ቁልፎች በምንጽፍበት የግዕዝ ሰሌዳ «ለ» የሚመጣው የእንግሊዝኛውን «ኤል» (L) መትተህ «ኢ»ን (E) ስታስከትልበት ነው። «ኢ» ከሞተች ግዕዙ ሁሉ ሳድስ ይሆናል፣ ኃምሱ ደግሞ ሣልስ ሆኖ ይቀራል። «ደሴ» ብዬ ስጽፍ «ድሲ» ይለኝ ነበር። በአንዲት ቁልፍ ምክንያት የፊደል ገበታው ተበላሸ ማለት ነው። አባት አጠገቤ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ መኪናው ይሄዳል» እያሉ፣ እኔ «ለ»ን ከሌላ ፋይል እየቀዳሁ እለጥፋለሁ።

በዚያው ሰሞን ቀስቱም መዝለል ጀመረ። መስመር መሃል ሆኜ ስጽፍ ቀስቱ ሽቅብ ይወጣና የጻፍኩት ሌላ አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። እኔም እንደ አንተ ሁለቱን አንድ በሽታ አድርጌ ቆጠርኳቸው። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ላፕቶፑን ጠቅልዬ፣ ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጣርማ በርን አልፌ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ዋስትናውን የሰጠኝ ድርጅት ዘንድ ደረስኩ። ልጁ ተቀበለኝ፤ ሰካው፤ ከፈተው፤ ጻፈበት። «ኢ» ፏ ብላ ትጽፋለች! ታችፓዱም እንደ በግ ጭምት ሆነ። «እህቴ፣ ምንም የለውም» ብሎ መለሰልኝ። አልተጣላሁትም፤ ዓይኔ ሥር እየሠራ ምን እላለሁ? ደሴ ተመልሼ በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው ያው «ድሲ»።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ሁለቱን የለየኋቸው።

መጀመሪያ ታችፓዱን ልንገርህ፤ ምናልባት ያንተም ይኸው ስለሆነ። ታችፓድ የጣትህን ግፊት አይደለም የሚያነበው፤ ጣትህ ስትቀርበው የሚፈጠረውን በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ረብሻ ለማጥፋት የተቀመጡ ካፓሲተሮች አሉ፤ በእነሱ በኩል ትንሽ ጅረት ወደ ላፕቶፑ አካል ታልፋለች። ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) ካለው ጅረቷ ወደ መሬት ትወርዳለች። ኧርዝ ከሌለው መሄጃ ታጣና አካሉ ላይ ትቀራለች። ብረታማውን ገላ በጣትህ ጀርባ ስትደባብሰው ንዝር የሚልህ እሷ ናት። ታችፓዱም ያቺን ንዝረት ጣት እየመሰለችው ይሳሳታል። የእኔ ሱቅ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩን መሰኪያ ወደ ባለ ሁለት በምትቀይር ትንሽ ዕቃ ነበር የሚሠራው፤ እሷም ከአሮጌ ማከፋፈያ ላይ፣ ማከፋፈያውም ከጎረቤት በተሳበ ሽቦ ላይ። የድርጅቱ ክፍል ኧርዝ ነበረው፤ ስለዚህ እዚያ ታችፓዱ ጨዋ ሆነ።

ፈተናው ቀላል ነው። ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ብቻ ሩብ ሰዓት ሥራበት። መዝለሉ ከቆመ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የግድግዳው ሶኬት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥራ እንጂ ሻጩን አትክሰስ። ቻርጀሩ ተነቅሎም የሚዘል ከሆነ ግን የላፕቶፑ ነው፤ ያኔ ዋስትና ይጠየቅበታል። ኦሪጅናል ያልሆነ ቻርጀር የምትጠቀም ከሆነም ይህንኑ ችግር ሊያመጣ ይችላልና እሱንም ቀይረህ ሞክር።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት እይ፤ ይህን ችላ እንዳትል። ላፕቶፑን ዘግተህ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውና ከጎን ተመልከተው። ይወዛወዛል? ታችፓዱ በአንድ በኩል ከፍ ብሏል? ድሮ ጠቅ ይል የነበረው አሁን ደንድኖ አልጫን ብሏል? በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው የሚቀመጠው ከታችፓዱ ሥር ስለሆነ ባትሪ ሲያብጥ ቀድሞ የሚያሳብቀው ታችፓዱ ነው። እንዲያ ከሆነ ቻርጅ ማድረጉን ዛሬውኑ አቁም፣ አትጫነው፣ ልብስ መሃል ጠቅልለህም በአውቶቡስ ጭነት አትላከው። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ እሳት ነው። ለድርጅቱ ደውለህ «ባትሪው አብጧል፣ በምን መንገድ ልስጣችሁ?» በላቸው። ይህን ቃል ሲሰሙ አነጋገራቸው ሲቀየር ታየዋለህ።

ወደ ቁልፎቹ ልመለስ። በቅድሚያ የጥፋቱን ሰፈር ለይ። ውጭ የሚሰካ ኪቦርድ ከሰው ተዋስና ሞክር፤ እሱ ላይ እነዚያ ሦስት ፊደላት በደንብ ከጻፉ ዊንዶውሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ስታስነሳው ባዮስ ወደሚባለው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ግባ፤ እንደ ሥሪቱ በኤፍ 2፣ በኤፍ 10 ወይም በዲሊት ይገባል። ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ ገና አልተነሣም። አንዳንድ ሥሪቶች የራሳቸው የኪቦርድ መፈተሻ አላቸው፤ እዚያም ቁልፉ እምቢ ካለ ጥፋቱ የዕቃው ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። «ዊንዶውሱን እንደገና ልጫንልህ» ለሚልህም መልስ አገኘህ ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ የቀኙን ሺፍት ስምንት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት «ፊልተር ኪስ» (Filter Keys) የሚባል ቁልፎችን የሚያዘገይ ነገር እንደሚያበራ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ እሱንም አጥፋ። ቁልፉ ሥር የቆሎ ገለባ ተሰንቅሮ እንዳይሆንም ላፕቶፑን ገልብጠህ ቀስ ብለህ አራግፈው። የሳቅ ነገር አይደለም፤ ሱቄ ውስጥ ቆሎ ሳይዝ የሚገባ ባለጉዳይ የለም።

ሦስቱ ቁልፎች ጎረቤታሞች አለመሆናቸውን ጽፈሃል። ይህ ይጠቅምሃል። ኪቦርድ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ የግሉ ሽቦ የለውም፤ እንደ መንገድ መስቀለኛ በረድፍና በአምድ ነው የሚገናኙት። አንዷ መስመር ወይም ከሥር ያለው ጠፍጣፋ ገመድ ሲላላ ተራርቀው የተቀመጡ ቁልፎች አብረው ይታመማሉ። ውሃ ወይም ቡና ሲደፋ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በአንድ ሰፈር ያሉት ናቸው። ሻጩ ውሃን ሲያነሣብህ ይህን ንገረው። ውስጡ ደግሞ እርጥበት ሲነካት ነጭነቷ ወደ ቀይ የሚቀየር ተለጣፊ ያለባቸው ሥሪቶች አሉ። ውሃ ካልነካው መከፈቱን አትፍራ፤ እነሱ ራሳቸው ከፍተው ይመልከቱ፤ አንተም ቆመህ ተመልከት።

ይህን ስልህ ጎረቤቴ ትዝ አለኝ። እሱም የእኔ ዓይነት ችግር ነበረበትና እዚሁ አስከፈተው። ጠጋኙ እጁ ወርቅ ነው፤ ሥራውን አልነቅፍም። ግን ካቻቢቴው ብሎኑ ላይ የተለጠፈችውን የዋስትና ማኅተም ቀደዳት። ከሁለት ወር በኋላ ስክሪኑ ሲጠፋ ድርጅቱ ያቺን የተቀደደች ማኅተም አሳየውና አበቃ። በዚያ ላይ በአሁኖቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር ተበይዶ ወይም በትናንሽ ሪቬቶች ተመትቶ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ሙሉ ሽፋኑ ነው። ዋስትና ካለህ ይህን ወጪ ለምን ከኪስህ ታወጣለህ?

«ለኪቦርድ ብለሽ ይህን ያህል?» ያሉኝም ነበሩ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቀጭኑ «የቢራቢሮ» ኪቦርድ በብናኝ እየተያዘ ደንበኛ ሲያማርር፣ ኩባንያው በ2018 ከተገዙ አራት ዓመት ላልሞላቸው ነፃ ጥገና አወጀ፤ በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የቀረበበትን የጋራ ክስ ለመዝጋት 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ክሱ የኪቦርድ ነበር እንግዲህ።

አሁን ማስረጃውን አዘጋጅ። እየመጣ የሚሄድ ጉድለት ጠላትህ ነው፤ እኔን ያዋረደኝ እሱ ነው። የእኔዋ «ኢ» ጠዋት በደሴ ብርድ ትሞታለች፣ ማሽኑ ሲሞቅ ትነሣለች። ስለዚህ ስልኬን ከፊት ለፊት አቁሜ፣ ከማስነሳቱ ጀምሬ፣ ጣቴ ቁልፉን ሲመታና ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይመጣ፣ ሳላቋርጥ በቪዲዮ ቀረጽኩት። መለያ ቁጥሩንም በዚያው ቪዲዮ አሳየሁ። ሦስት ጠዋት እንዲሁ አደረግሁ። ሁለተኛው ጉዞዬን ያዳነው ይህ ነው።

ከዚያ ወረቀቱ። በአፍ አትጨቃጨቅ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ እንደሚሆን በቁጥር 2287 ይናገራል፤ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። «ሳይዘገይ» የምትለዋን ያዛት። አምስት ወር ሙሉ «ይሻለው ይሆናል» እያልክ ከሆነ ዛሬ ማታ ጻፍ፤ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ መለያ ቁጥር፣ የትኞቹ ቁልፎች፣ ከመቼ ጀምሮ። በቴሌግራምም ላክላቸው፤ የተላከበት ሰዓት ይመዘገባልና። «ላፕቶፑ ተበላሸ» ብለህ አትጻፍ፤ እንደዚያ ከጻፍክ «ዊንዶውስ ጭነን አስተካክለናል» የሚል መልስ ነው የምታገኘው።

የማን ዋስትና እንደያዝክም እወቅ። የሱቁ ነው ወይስ የአምራቹ? መለያ ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ብታስገባው እስከ መቼ እንደሚቆይና የት እንደሚሠራ ብዙ ጊዜ ያሳይሃል። ከዱባይ የመጣ ዕቃ ከሆነ የአምራቹ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ያኔ የሚጠይቅልህ ደረሰኙ ላይ ያለው የሱቁ ማኅተም ብቻ ነው። አንዳንድ አምራች ደግሞ ደረሰኝ ካላየ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ስለሚቆጥር ሰባት ወር የመሰለህ ሦስት ሊሆን ይችላል።

ስታስረክብ የርክክብ ወረቀት ሳትቀበል እንዳትወጣ፤ የገባበት ቀን፣ መለያ ቁጥር፣ አብሮ የተሰጠ ቻርጀር፣ «አካሉ ላይ ጭረት የለም» የሚል ሁሉ ይጻፍበት። ፋይልህን አስቀድመህ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጥ፤ ዋስትና ዕቃን እንጂ ፋይልን አይሸፍንም። እኔ ደግሞ የሰው የፍቺና የውርስ ጉዳይ ስለምይዝ ገልብጬ ከላፕቶፑ ላይ አጠፋሁት። የሰው ገበና ተሸክሜ ባንኮኒ ላይ ጥዬ አልሄድም።

የእኔ ኪቦርድ «ዕቃው እስኪመጣ» ተብሎ ሰባት ሳምንት ወሰደ። በመካከሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ደወልኩ፤ ሳልቆጣ፣ የርክክቡን ቁጥር እየጠራሁ። ዋስትናው በዚያው መጠን እንዲራዘምልኝ በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ እሱን እንኳ አልሰጡኝም። መጠየቁ ግን አይከፋም።

ሲመጣ የአዲሱ ኪቦርድ ቁልፎች ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን ዐረብኛ ታትሞባቸዋል። ልጁ «ይህ ነው የተገኘው» ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ ድሮም ፊደሉን እያየሁ አልጽፍም፤ ተቀበልኩት። አሁን የጎረቤቴ ልጅ ከመድረሳ ሲመለስ ሱቄ ገብቶ በትንሽ ጣቱ እየነካ «አሊፍ፣ ባ» ይልልኛል። አንተ ግን በጽሑፍ ሌላ ዓይነት ካዘዝክ እንደ እኔ አትቀበል።

ከመፈረሜ በፊት ባንኮኒው ላይ ቆሜ ቻርጀሩን አስነቅዬ «ደሴ» ጻፍኩ፣ «አመልካች» ጻፍኩ። ልጁ እስክሪብቶውን እንደዘረጋልኝ ቆሞ ይጠብቃል። ሦስተኛ «ወሎ» ጻፍኩ፤ ወሎ አለ። ፈረምኩ።