ቦርዱ በአንድ ቀን አዲስ እንዳይሆን

ጥያቄ፦ ዳላስ የምኖር ነርስ ነኝ። የሙያ ፈቃዳችንን የሚሰጠው የቴክሳስ ነርሲንግ ቦርድ አባላቱን በከፊል በከፊል ነው የሚቀይረው። የእኛ ትንሽ የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ግን ዘጠኙንም የቦርድ አባላት በአንድ ቀን መርጦ በአንድ ቀን ያሰናብታል። አዲሶቹ የባንክ ፊርማ እስኪያዛውሩ ድረስ ሥራው ይቆማል። ደንባችንን እንዴት እናስተካክል? በመካከል የለቀቀ ሰው ሲተካስ?

መልስ፦ የቴክሳሱ ቦርድ 13 አባላት አሉት። ሁሉም የሚሾሙት ለ6 ዓመት ነው፤ ሲሶ የሚሆኑት ወንበሮች ዘመናቸው የሚያልቀው ጎዶሎ ቁጥር በያዘ ዓመት ጃንዋሪ 31 ቀን ነው። 13 ለሦስት እኩል ስለማይካፈል በየዙሩ 4 ወይም 5 ሰው ይወጣል። ይህ አሠራር ቦርዱን ከሿሚው ተጽዕኖ ነጻ ያደርገዋል ሲባል ይሰማል፤ እኛ ያን ያህል አናምንበትም። አገረ ገዥው ከ6 ዓመት በላይ ከቆየ ሁሉንም ወንበር የሞላው እሱ ነውና። ትልቁ ጥቅሙ የተጀመረ ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ መኖሩ ነው።

ለእናንተ 3 ዓመት የሥራ ዘመንና ሦስት ዙር ይበቃል። በሥራ ላይ ያሉትን አባላት ዘመን በመካከል አትቁረጡ፤ ቅሬታ ያመጣል። ደንቡን አሁን አሻሽሉና ከቀጣዩ ምርጫ ጀምሩ። ዘጠኙ እንደተመረጡ በመጀመሪያው ስብሰባ ዕጣ ይውጣ፦ 3 ሰው ለ1 ዓመት፣ 3 ለ2፣ 3 ለ3። ከዚያ በኋላ የሚመረጥ ሁሉ ሙሉ 3 ዓመት ያገለግላል።

ዕጣውን ግን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አትጣሉት። ፋርማሲስቶቹ ሁሉ አጭሩ ዘመን ቢደርሳቸው በዓመቱ ፋርማሲስት የሌለው ቦርድ ይቀራችኋል። የአሜሪካ ሴኔት በ1789 አባላቱን ለ2፣ ለ4 እና ለ6 ዓመት ሲከፍል መጀመሪያ የአንድ ግዛት ሁለት ሴናተሮች አንድ ምድብ እንዳይገቡ አድርጎ ደለደለ፤ ዕጣው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም በየሙያው ለይታችሁ አውጡ። ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ የሚመረጡት ከዕጣው በኋላ ይሁን፤ ሁለቱ ከተለያየ ዙር ቢሆኑ ይመረጣል። ውጤቱ በስም፣ በወንበር ቁጥርና በማብቂያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ብዙ ማኅበር የሚሳሳተው በሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ነው። የሥራ ዘመኑን ከወንበሩ ጋር እሰሩት። ወንበር 5 ላይ ያለው ሰው አንድ ዓመት ሠርቶ ቢለቅ ተተኪው የቀረውን 2 ዓመት ብቻ ይጨርሳል። «ተተኪው ለ3 ዓመት ይመረጣል» ብላችሁ ከጻፋችሁ በየመልቀቂያው አንድ ወንበር ከዙሩ ይወጣል፤ ጥቂት ዓመት ቆይታችሁ ብትቆጥሩ አንዱ ዓመት ላይ ስድስት፣ ሌላው ላይ አንድ ወንበር ታገኛላችሁ። ደንቡ ውስጥ ቀኑን ራሱን አስገቡ፦ «የወንበር 4፣ 5 እና 6 የሥራ ዘመን ዲሴምበር 31 ቀን 2028 ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየ3 ዓመቱ»።

ምርጫ ሲዘገይም ያው ነው። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ባለሥልጣን ተተኪው እስኪገባ ድረስ ሥራውን እንዲቀጥል ያዛል። ይህን አንቀጽ ውሰዱ፤ በማኅበር ግን ገደብ ይኑረው፣ 90 ቀን ይበቃል፤ አለዚያ ምርጫ ላለመጥራት ሰበብ ይሆናል። አምስት ወር ዘግይቶ የገባው ሰው ቀሪው ዘመኑ 2 ዓመት ከ7 ወር ነው እንጂ ከገባበት ቀን አይቆጠርለትም።

ደንባችሁ አንድ ሰው ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይመረጥ የሚከለክል ከሆነ፣ በዕጣ የደረሰው የ1 ዓመት ዘመን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ዕጣው ሳይወጣ ወስኑ፤ ከወጣ በኋላ ክርክሩ የሰዎች ይሆናል። ከሙሉ ዘመን ግማሽ የማይሞላው ባይቆጠር ጥሩ ነው።

በመጨረሻ የማኅበሩን የምሥረታ ሰነድ አውጥታችሁ እዩ። የቦርዱ የሥራ ዘመን እዚያም ተጽፎ ከሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ደንቡን ማሻሻል ብቻውን አይበቃም፤ የሰነዱ ማሻሻያ ለመዝጋቢው የግዛት መሥሪያ ቤት መግባት አለበት።