ግሬኑን ከማጥፋታችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ኤዲተር ጻፈልኝ። በ16 ሚሊሜትር የተቀረጸ አሮጌ ፊልም እጁ ገብቷል። ስካን ተደርጎ አልቋል፣ በብሉሬይ ዲስክ ሊወጣ ነው። «ጋሼ፣ ምስሉ ላይ የሚርመሰመስ ነገር አለ። ሶፍትዌሩ በአንዴ ያጠፋልኛል። ላጥፋው ወይስ ይቆይ?» ይላል። ሁለት መስመር መልስ ልጽፍለት ተቀምጬ አልሆነልኝም። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆችም አንድ ላይ ልጻፈው።

መልሴ «ይቆይ» ነው።

የሚርመሰመሰው ነገር ግሬን ነው። ፊልም ላይ ብርሃን የሚይዙ የብር ውህድ ቅንጣቶች አሉ። ፊልሙ ሲታጠብ ብርሃን ያገኛቸው ቅንጣቶች ምስል ሆነው ይወጣሉ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የሚቀረው ብሩ ራሱ ነው። በቀለም ፊልም ብሩ ታጥቦ ይወጣና በቦታው ትንንሽ የቀለም ነጠብጣቦች ይቀራሉ። የተዋናይዋ ጉንጭ፣ የግድግዳው ጥላ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም የተሠራው ከእነዚህ ነው። ብዙዎቻችሁ ግሬን ከላይ ያረፈ አቧራ ይመስላችኋል። ሲጠረግ ከሥሩ የጠራ ምስል የሚወጣ ይመስላችኋል። ከሥሩ ምንም የለም። ምስሉ እሱ ነው።

ደግሞም በቆመ ፍሬም፣ ማለትም ፊልሙ ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች በአንዱ ብቻ፣ አትፍረዱ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳልፋል፣ ቅንጣቶቹም በየፍሬሙ ቦታቸው ይለያያል። ዓይናችን እነዚህን ደራርቦ ስለሚያይ አንዱ ፍሬም ብቻውን የማይዘውን ዝርዝር ከተከታታዩ ይሰበስባል። ፖዝ አድርጋችሁ፣ አጉልታችሁ፣ «ይሄ እንዴት ይወጣል!» የምትሉት ምስል ሲሄድ ሌላ ነው።

እኔ ግሬንን ያወቅኩት አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ፊልም አጥብ ነበር። ፈጣኑ ፊልም በትንሽ ብርሃን ያነሳል፣ ግን ቅንጣቱ ትልልቅ ነው። ዝግተኛው ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ ቅንጣቱ ግን ደቃቅ ነው። እዚያ ቤት ሪቱሽ የሚሠራ ሰውዬ ነበር። ኔጋቲቩን መስታወት ላይ አስደግፎ፣ እርሳሱን እንደ መርፌ አሹሎ፣ የፊት መስመሮችን አንድ በአንድ ያለሰልሳል። ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው። እጁን ሳይ እውል ነበር። ዛሬም ያንን ሥራ አልነቅፈውም። ባለፎቶው ራሱ መጥቶ፣ ከፍሎ፣ የራሱን ፊት ነው እንዲያስተካክሉለት የጠየቀው። የሰው ፊልም ግን ሌላ ነው።

አሁን ቁጭቴን ልንገራችሁ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፊልም ወደ ቪዲዮ የሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ብሉሬይ ገበያ ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ቪኤችኤስ ግሬን የማሳየት አቅም አልነበረውም። ዲቪዲም 480 መስመር ብቻ ስለነበረው አብዛኛው ግሬን እዚያው ይቀልጥ ነበር። ብሉሬይ 1080 መስመር ይዞ ሲመጣ ግሬን በደንብ ሳሎን ገባ። ሰው ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ፣ ዲስኩን ከቶ፣ ምስሉ ሲርመሰመስ ሲያይ የተበላሸ ዲስክ የሸጡለት መሰለው። አከፋፋዮች ደነገጡ። ወደኛ የሚመጣው ትእዛዝ «አጽዱት» የሚል ነበር።

አንድ ቀን ትንሽ ፊልም መጣች። ስሟን አልጠራም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቂት ገንዘብ የተሠራች ናት። አብዛኛው ታሪክ ሌሊት ነው። ውስጧ አንድ ትዕይንት አለ። አሮጊት ሴት ከሥራ ገብታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። ከፊቷ አንድ ኩባያ ቡና አለ። አትናገርም፣ አታለቅስም። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል። መብራቱ አንድ የወጥ ቤት አምፖል ነው። ጥላው ከባድ ነው፣ ግሬኑም ከባድ ነው። ግን ከዓይኗ ሥር ያለው መስመር ሁሉ ይታያል። ከኩባያው የሚነሳው ቀጭን እንፋሎት በአገጯ አልፎ ወደ አምፖሉ ይሄዳል።

ማጽጃው ተከፈተ። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ተከታታይ ፍሬሞችን እያነጻጸረ ነው። በሁሉም ላይ ሳይለወጥ የሚገኘውን ምስል ነው ብሎ ይይዛል። ከፍሬም ፍሬም የሚለዋወጠውን ቆሻሻ ነው ብሎ ያጠፋል። እንፋሎት ደግሞ በየፍሬሙ ይለዋወጣል። ጭስም እንዲሁ፣ ቀጭን ዝናብም እንዲሁ። መጀመሪያ እንፋሎቱ ሄደ። ቀጥሎ ከዓይኗ ሥር ያሉት መስመሮች ሄዱ። ጉንጯ ለሰለሰ፣ አብለጨለጨ። ራሷን ዘወር ስታደርግ ጸጉሯ ከኋላ እየተጎተተ ይከተላታል። ምስሉ በጣም ፈዘዘ ተባለና ማሾያ፣ ማለትም የምስልን ጠርዝ የሚያጎላ፣ ተጨመረበት። ያኔ ትከሻዋ ዙሪያ ነጭ መስመር ወጣ።

ካሜራማኑ ሊያየው መጣ። በዕድሜ የገፋ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። እዚያ ትዕይንት ላይ ስንደርስ «ወደ ኋላ መልሱት» አለ። መለስንለት። ደግመን መለስንለት። ከዚያ «እንፋሎቱስ?» አለ። ቀስ ብሎ አስረዳን። መብራት የሚከራዩበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፈጣን ፊልም መረጠ። ላብራቶሪውም ከተለመደው በላይ እንዲያጥበው አዘዘ። ግሬኑ እንደሚጎላ ያውቅ ነበር፣ ለዚያች ሴት ፊት የፈለገውም እሱን ነው። እንፋሎቱ አምፖሉ ፊት እንዲታይ ቡናውን እያሞቁ እየመለሱ ሲቀርጹ አመሹ። ይህን ሲነግረን ድምፁን ከፍ አላደረገም። አለቃችን የመውጫው ቀን እንደደረሰ ነገረው። ዲስኩ እንደጸዳ ወጣ።

የሚቆጨኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፊልሟን የሠራው ድርጅት ተዘጋ። ኔጋቲቩ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የቀረው ለዲስኩ የተዘጋጀው ማስተር፣ ማለትም ሌሎቹ ቅጂዎች የሚገለበጡበት ዋና ቅጂ፣ ብቻ ነው። ኋላ ላይ ወደ ስትሪሚንግ የሄደውም ያው ማስተር ነው። ካሜራማኑ አርፏል። ዛሬ ፊልሟን የሚከፍት ሰው የሚያየው ያንን ለስላሳ ጉንጭ ነው። ከፊልሟ ሥር ባለው የአስተያየት ቦታ ወጣቶች «ለዚያ ዘመን እንዴት ጥርት ያለ ነው!» ብለው ይጽፋሉ። ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል።

ትልልቆቹም አላመለጡም። «ፓተን» የተባለው እ.ኤ.አ. የ1970 ፊልም የተቀረጸው በ65 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ነው። ኔጋቲቩ ሰፊ ስለሆነ ግሬኑ በጣም ደቃቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በብሉሬይ ሲወጣ ያንኑ ደቃቁን አጸዱት፣ የፊቱና የልብሱ ዝርዝርም አብሮ ሄደ። ነገሩን የሚያውቁ ተመልካቾች በጣም ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ ዝግጅት እንደገና ወጣ። እዚያ ተመልሶ የሚሠራበት ምንጭ ስለነበረ ማረም ተቻለ። የእኔዋ አሮጊት ያን ዕድል አላገኘችም።

የኛንም አስቡት። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. የ1976 ሥራ ነው። በ16 ሚሊሜትር፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ የገበሬ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ማጽጃ ቢከፈትበት መጀመሪያ የሚጠፋው አፈሩና የሰዎቹ ቆዳ ነው። ያ ከጠፋ ምን ይቀራል?

ስትሪሚንግ ላይ ያሉትን ኢንጂነሮች ግን እረዳቸዋለሁ። ግሬን ድግግሞሽ ስለሌለው ለመጭመቅ አስቸጋሪ ነው። ብሉሬይ ለምስል ብቻ በሰከንድ እስከ 40 ሜጋቢት ይሰጣል። በኢንተርኔት የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በብዙ ያንሳል። የሚላክበት መጠን ሳይበቃው ሲቀር ግሬኑ ተሰባብሮ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆናል፣ ያ ደግሞ ከምንም የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 የተባለ የቪዲዮ መጭመቂያ አንድ ዘዴ አለው። ግሬኑን አውጥቶ ምስሉን ይልካል፣ የግሬኑን ጠባይ በቁጥር ገልጾ አብሮ ይልካል፣ ተቀባዩ ጋ ተመሳሳይ ግሬን ይሠራል። ያው ግሬን አይደለም፣ ልቤም ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። ግን ማስተሩ ካልተነካ ይሁን እላለሁ።

«ይቆይ» ብዬ ጀምሬ አሁን የምለው ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። የምነካው ጊዜ አለ። ኔጋቲቩ ጠፍቶ የኮፒ ኮፒ ብቻ ሲገኝ በየቅጂው ግሬን ላይ ግሬን ይደረብበታል። ጽሑፍ የገባባቸው ወይም አንዱ ምስል በሌላው ላይ እየደበዘዘ የሚያልፍባቸው የድሮ ፊልም ክፍሎችም በላብራቶሪ እንደገና የተገለበጡ ስለሆኑ ከጎናቸው ካሉት ይልቅ ሻካራ ናቸው። እነዚህን በእጅ፣ ትዕይንት በትዕይንት፣ ከጎረቤታቸው እስኪስማሙ ድረስ ዝቅ ማድረግ ተገቢ ነው። የቪዲዮ ካሴት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ከድሮ የቴሌቪዥን ካሴት ላይ የምታገኙት የሚንጫጫ ነገር የኤሌክትሪክ ሁካታ እንጂ ግሬን አይደለም። እሱን ብትቀንሱት አልቆጣም።

የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው። ስልካችሁ ፊታችሁን ገና ሳታዩት አለስልሶ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ቆዳ እንዲያ ለስላሳ የሆነ ይመስላችኋል። ከዚያ በራሳችሁ ክሊፕ ላይ ከአፕ የወረደ ሰው ሠራሽ ግሬን ትጭናላችሁ። እውነተኛውን አጥፍቶ የውሸቱን መልበስ አይገባኝም። የድሮ ዘፈኖችንም በኤአይ «አጠራናቸው» ትላላችሁ። ከዘፋኙ ኋላ የቆሙትን ተወዛዋዦች ፊት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ያልነበረ ዓይን፣ ያልነበረ ጥርስ ተስሎባቸዋል። የሱቁ ታፔላ ላይ ያለው ፊደል ፊደል መሆኑ ቀርቷል። የሰው ዘመድ ናቸው እነዚያ ተወዛዋዦች። እንዲያም ሆኖ እናንተ ሶፍትዌሩን እንዴት በፍጥነት እንደምትለምዱት ሳይ እደሰታለሁ። እኛ ለዓመታት የለፋንበትን እናንተ በአጭር ጊዜ ትጨብጡታላችሁ።

አንተ ልጄ፣ ለጻፍክልኝ ጥያቄ የምልህ ይህን ነው። ስካኑ የተደረገው ከኔጋቲቩ ነው ወይስ ከኮፒ? መጀመሪያ እሱን አጣራ። ጭረቱንና ቆሻሻውን አንሳ፣ የሚዘለውን ምስል አረጋጋ፣ ግሬኑን ተወው። የምታይበት ቴሌቪዥን ላይ የማለስለሻና የማሾያ ቅንብሮቹን ዝጋቸው፣ ያለዚያ የምታየው የቴሌቪዥኑን ሥራ ነው። አከፋፋዩ ካላመነ አንድ የፊት ትዕይንት፣ አንድ ጭስ ወይም ዝናብ ያለበት፣ አንድ የጨለማ ትዕይንት መርጠህ ከማጽዳት በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን አሳየው። ከትልቅ ስክሪን ፊት አስቀምጠው፣ ከስልክ ላይ አይሆንም። ያልተነካውን ስካን በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጠህ በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጥ። ካሜራማኑ በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውልለት። ስልኩን ካጣኸው ንገረኝ፣ የማውቃቸውን ልጠይቅልህ።